አይጦቼ ቅቤ ይበላሉ

ጥር 24 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ነቀምቴ

ሐኪሙ ዛሬ ለእረፍት ወደ አገሩ ሄደ። የሚመለሰው ግንቦት ሲያልቅ ነው። የላቦራቶሪውን ቁልፍና ነጫጭ አይጦቹን ለእኔ ትቶልኛል። መኪናው የአኖን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ድረስ ክሊኒኩ በር ላይ ቆምኩ። አስተዳዳሪያችን አቶ ሀብተጊዮርጊስ ከኋላዬ ሆኖ፣ "እንግዲህ ሎሚ ሞረዳ የአይጥ እረኛ ሆነሽ ቀረሽ" አለኝ። "እረኝነት መቼ ነውር ሆነ?" አልኩት። በአፌ አንቱ እለዋለሁ፤ በዚህ ደብተር ላይ ግን አንተ ነው።

ደብተሩን የገዛሁት ለንዴቴ ነው። በሥራ መዝገብ ላይ መናደድ አይቻልም። የምናደደው በኦሮምኛ ነው፤ መጻፍ ያስተማሩኝ ግን በአማርኛ ብቻ ስለሆነ በተማርኩበት እጽፋለሁ።

ሰው ሁሉ ስለሚጠይቀኝ መልሱን እዚህ ልለማመደው። አይጦቹ በሁለት ረድፍ ሳጥን ውስጥ ናቸው። በግራ ያሉት የተፈጨ በቆሎና ባቄላ ይበላሉ። በቀኝ ያሉት ያንኑ በቅቤ ተለውሶ ይበላሉ። ቅቤ ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል የስብ ዘር አለ። በአፍ ከገባው ውስጥ ምን ያህሉ ደም ውስጥ እንደሚቀር፣ ምን ያህሉ ከዐይነ ምድር ጋር ተመልሶ እንደሚወጣ እለካለሁ። ከደሙና ከዐይነ ምድሩ የተጣራው ላይ አሲድ ሲጨመር አረንጓዴ ይሆናል፤ በጠቆረ ቁጥር ኮሌስትሮሉ በዝቷል። በቃ ይኸው ነው። ቅቤ የማይበላ ወለጋ የለም፤ ከዋጠው በኋላ የት እንደሚደርስ የጠየቀ ሰው ግን አላገኘሁም።

ጥር 29፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። ከጉቴ የመጣች ሴት ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ዘርግታለች። እንደ ወግ ጥፍሬን ነክሬ ቀመስኩ፤ ጥሩ ነው። "ለሙሽራ ነው ወይስ ለአራስ?" አለችኝ። "ለሥራ ነው" አልኳት፤ ዝም ብል ይሻል ነበር። ጎኗ የተቀመጠችው፣ "ኧረ እሷ የሚሲዮኗ ልጅ ናት! ደዳ ለሀንቱታ ነው የምትገዛው" አለች። ቅቤ ለአይጥ ማለቷ ነው። የጉቴዋ ሴት ቅጠሉን ከእጄ ወሰደችና መልሳ ጠቀለለችው።

"አዴ፣ ገንዘቤ ምን አደረገ?" አልኳት።

"ገንዘብሽ ምንም አላደረገ። ቅቤ የሰው ራስ የሚቀባበት ነው። ዋቃ ያያል።" እግዜር ማለቷ ነው።

ሌላ ዘንድ ሄጄ ገዛሁ። ስመለስ ልጆች "ሀንቱታ! ሀንቱታ!" እያሉ ተከተሉኝ። ዞር ብዬ እንደ አይጥ ጥርሴን አሳየኋቸው፤ ተበተኑ።

የካቲት 5

ማታ እናቴ ጩምቦ፣ በቅቤ የራሰ ወፍራም ቂጣ፣ አቀረበች። አባቴ መሐሉ ላይ ከተጠራቀመው ቅቤ እየጠለቀ በላ። ዓይኔን አልነቀልኩም።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ጉሮሮዬን አትቁጠሪ" አለኝ።

"አባ ኮ፣ ሐኪሙ የነገረዎትን ያስታውሱ።"

"ያ ፈረንጅ ራሱ ዳቦ ላይ ቅቤ ሲቀባ አይቼዋለሁ። ደግሞ አይጦችሽ ጠዋት ማታ ቅቤ ይበላሉ አይደል? ሞቱ?"

"አልሞቱም።"

"እንግዲያ እኔን ከአይጥ አታሳንሺኝ።" እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በታኅሣሥ ከሠርግ ሲመለስ በቅሎው ላይ እንዳለ ደረቱን ይዞ ጎበጠ። ላቡ በጋቢው አልፎ ወጣ። ሐኪሙ የልብ ነው አለ፤ ስቡ የልብ የደም ሥር ላይ እየተለጠፈ መንገዱን ያጠባል፣ ቅቤ ይቀንስ አለ። አባቴ ቡና ነጋዴ ነው፤ የሚያምነው ያየውንና የመዘነውን ብቻ ነው። የደም ሥሩን አላየውም።

የአይጦቹ ሥራ ከአባቴ ጋር አይገናኝም። ይህን የምጽፈው አቶ ሀብተጊዮርጊስ ይገናኛል እያለ ስለሚያወራ ነው። ሐኪሙ ሥራውን የጀመረው ከመስቀል በኋላ ነው፣ በኑግ ዘይት ነበር። ቅቤ የገባው በጥር ነው። እርግጥ ቅቤ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም ሊል ይችል ነበር።

የካቲት 14

እትዬ በዛብሽ ነገ ሁዳዴ ይገባል ብላ ዛሬ ለቅበላ ቀደም ብላ ወጣች። ላቦራቶሪውን የምታጸዳው፣ የአይጦቹንም ምግብ የምታቦካው እሷ ናት። አባቷ ከጎጃም በቅሎ እየነዱ መጥተው እዚህ የቀሩ ናቸው። እጇ ንጹሕ ነው፤ እንደ እሷ አይጥ የማትጸየፍ ሴትም አላየሁም።

የካቲት 21

ተስቦ ገብቷል። ከገጠር ሰው በቃሬዛ ይመጣል። ስመጣ ደም፣ ስወጣ ደም ስመረምር ነው። አይጦቹን አላየኋቸውም። እትዬ በዛብሽ አለችላቸው።

የካቲት 26

በቆምኩበት ቆሎ ቆረጠምኩ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ "አይጦችሽ ደህና ናቸው?" አለ። ከእርስዎ ይሻላሉ ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ደህና ናቸው አልኩት።

መጋቢት 4

ተስቦው ጋብ ሲል ከአይጦቹ ጭራ ደም ወሰድኩ። ግራና ቀኙ አንድ ነው። ዐይነ ምድራቸውም አንድ ነው። ብልቃጦቹን መስኮቱ ላይ ደርድሬ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ለመለየት ስሙን ማንበብ ነበረብኝ።

አሲዱን ቀይሬ ደገምኩት። ያው ነው።

መጋቢት 6

አባቴ ጠየቀኝ። "የአይጦቹ ደም ምን አለ?" አለ፣ እንደ ቀልድ አድርጎ። መዋሸት እችል ነበር። እናቴ ከኋላው ቆማ በዓይኗ ዋሺ አለችኝ።

"የበሉትም ያልበሉትም አንድ ናቸው" አልኩ።

አባቴ ጉልበቱን መታ። "ሀንቱታ መሰከረችልኝ! በቀለች፣ ማሰሮውን አምጪ።" እናቴ ማሰሮውን ስታመጣ ፊቴን አላየችኝም። እያንዳንዱን ጉርሻ እያሳየኝ በላ። እውነቱን ነው የነገርኩት። ሰው እውነት ተናግሮ እንዲህ ይቃጠላል?

መጋቢት 12

አባቴ ክሊኒኩን በሚመራው የሽማግሌዎች ምክር ቤት ውስጥ አለበት። ወሬውን ይዞ ሄደ። ዛሬ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ቢሮው ጠራኝ። ቅቤ አንጓች ሲሆን ድምፁ ይቀጥናል። "የእኔ እህት፣ ደክመሻል። ነገሩ ልዩነት ከሌለው ለምን ቅቤ እናባክናለን? ክፍሉን ለመድኃኒት ማስቀመጫ እናድርገው። አለቀ ብለሽ ለሽማግሌዎቹ ንገሪያቸው።"

"ሐኪሙ እስከ ግንቦት ብሎኛል።"

"ሐኪሙ እዚህ የለም።"

"እኔ አለሁ።"

የድምፁ ቅጥነት ጠፋ። "አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይባላል" አለኝ። እኔም ያደግኩት ድመት ባለበት ቤት ነው አልኩትና ወጣሁ። በሩን ግን ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት።

መጋቢት 17

ምን እንደምጽፍ አላውቅም። በቅደም ተከተል ልሞክር።

የምግብ ማስቀመጫውን ከፈትኩ። ቅቤ ልጨምር ብዬ ነበር። ከቅበላ ወዲህ ያመጣሁት ቅቤ በየቅጠሉ እንዳለ ተደርድሮ ተቀምጧል። የታችኛው ሸቷል። እትዬ በዛብሽ ወለሉን ስትጠርግ አየችኝ፤ አልደነገጠችም።

"ይሄ ቅቤ ለምን አልተነካም?"

"ሎሚዬ፣ ሁዳዴ እኮ ነው።"

"ለአይጦቹ?"

"ታዲያስ። ተእጄ የሚጎርስ ፍጥረት እኔ እየጾምኩ ቅቤ ይብላ? የነነዌ ሰዎች ሲጾሙ ከብቶቻቸውም አልቀመሱም ይላል መጽሐፉ። አይጥ ተከብት ይበልጣል? እንዳይከፋቸው ብዬ ኑግ ጠብ አድርጌላቸዋለሁ። ተፋሲካ ወዲያ ይደርሳሉ ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"እናንተ የሚሲዮን ሰዎች እንደኛ አትጾሙም። ነግሬሽ ብትከለክይኝ ኃጢአቱ ለሁለታችን ይሆን ነበር።"

ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩና ሳቅኩ። እስኪያንቀኝ ድረስ ሳቅኩ። ግራና ቀኙ ለምን አንድ እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ሁለቱም ጾመኞች ነበሩ። ደስ አለኝ። ለአንድ ወር ያህል የደከምኩበት ሥራ ተበላሽቶ ደስ አለኝ። ከዚያ አባቴ በእነዚህ ጾመኛ አይጦች ምስክርነት በየማታው ማሰሮ ሲያስቀርብ እንደከረመ ትዝ አለኝና ሳቁ ቀረ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቁልፉ የተሰጠው ለእኔ ነበር፤ ሳጥኖቹን በዓይኔ ሳላይ ቁጥር አወራሁ።

መጋቢት 18

ለአባቴ ነገርኩት። ጢሙን እየዳበሰ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "አይጦችሽን ደግሞ ቄስ አጠመቃቸው?" አለ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አሳቃቸው። ቅቤውን አልተወም። "አንዴ መስክረዋል፤ ምስክር ቃሉን አይለውጥም" ይላል።

ከሳቁ መሐል እጁን ወደ ደረቱ ወስዶ መለሰው። ማንም አላየም። አየሁ።

መጋቢት 20

አቶ ሀብተጊዮርጊስም ሰምቷል። ምግቡን ያቦካው ማን እንደሆነ ስሙን ንገሪኝ ብሎ ብዕሩን አነሳ። እሱ ራሱ የሚጾም ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ የሽምብራ ቆሎ ነበር። እትዬ በዛብሽ ከሥራ ብትወጣ ሌላ የምትገባበት የላትም።

"የምግቡ ኃላፊ እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺማ አላቦካሽም።"

"አይጥ በበላ ዳዋ አይመታም፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ። የሚጽፉ ከሆነ የእኔን ይጻፉ፤ በ'ሎ' ይጀምራል።"

ጻፈው። ሽማግሌዎቹ በግንቦት መግቢያ ይሰበሰባሉ። እስከዚያ ክሊኒኩ ለአይጥ ቅቤ አይገዛም አለ። አይግዛ።

መጋቢት 22

ቅቤውን ከቤት ወሰድኩ። ከአባቴ ማሰሮ። እናቴ ጓዳ ስትገባ ያዘችኝ። ማንኪያውን አየችው፤ ከዚያ ትልቁን ጭልፋ አቀበለችኝ።

የማቦካው ራሴ ነኝ። እትዬ በዛብሽ እስከ ፋሲካ አልነካም አለች፤ ስለውስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሳጥኖቹን ግን እንደ ድሮው ታጸዳለች። ተስማምተናል።

ሚያዝያ 3

አባቴ ማሰሮውን ዘንበል አድርጎ አየ። "በቀለች፣ ቅቤው ምን በላው?"

"ሀንቱታ" አለች እናቴ፣ ሳትስቅ።

"ወጥመድ አጥምጂ።"

"እሺ" አለች። እኔ ውጭ ወጥቼ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በላቦራቶሪው በኩል አለፍኩ። እትዬ በዛብሽ ነጭ ለብሳ ሳጥኖቹ ፊት ቆማለች። ከራሷ ቤት ያመጣችውን ቅቤ በትንሽ ሳህን ይዛለች። "ለነሱም ይፍረስላቸው ብዬ" አለች። ተቃቅፈን ሳምኳት። ሳህኑን መዘንኩት፤ በሥራው መዝገብ ላይ መጻፍ አለበትና።

ሚያዝያ 27

ለካሁ። ደጋግሜ ለካሁ።

የቀኞቹ የዐይነ ምድር ብልቃጥ ከግራዎቹ በጣም ይጠቁራል፤ ከመስኮት ውጭ ያለ ሰው ይለየዋል። ደማቸው ግን ከፍ ያለው በትንሹ ነው። ከበሉት ኮሌስትሮል አብዛኛውን መልሰው እየጣሉት ነው። ቅቤው ይገባል፣ ያልፋል፣ ይወጣል። ፀጉራቸው ያበራል። ወፍረዋል። ሳጥኑን ስነካው ወደ ጣቴ እየሮጡ ይመጣሉ።

ተናደድኩባቸው። እንዲታመሙ ፈልጌ ነበር። አንዷ እዚያ ጥግ ላይ ደረቷን ይዛ እንድትጎብጥ፣ አባቴን እጁን ይዤ አምጥቼ ይኸው እንድለው ፈልጌ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን ጻፍኩት።

የደሙን ቁጥር ከፍ ባደርገው የሚያውቅ የለም። ሐኪሙ ሩቅ ነው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ መሣሪያውን ማንበብ አይችልም። አባቴ ያምነኝ ይሆናል፤ እናቴም ትመርቀኛለች።

አላደርገውም። አባቴ ሚዛን የሚያጭበረብር ነጋዴ ሲያይ ምራቁን ይተፋል፤ የእሱ ልጅ ነኝ።

ግንቦት 2

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አባቴ መሐል ተቀምጧል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ የጾሙን ታሪክ ከአናቱ ጀምሮ ተረከው፤ ሳቁ። ከዚያ ተነሺ አሉኝ። ያገኘሁትን እንዳለ ነገርኳቸው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

"እንግዲህ ከራሷ አፍ ሰማችሁ" አለ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፣ "ቅቤ አይጎዳም ማለት ነው።"

"አይጥን አልጎዳም" አልኩ። "አይጥ የበዛባትን አውጥታ ትጥላለች። እናንተ ትጣሉት፣ አትጣሉት፣ እኔ አላውቅም። እናንተም አታውቁም። ማንም ለክቷችሁ አያውቅም።"

አንዱ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ እኛን ሳጥን ውስጥ ልትከቺን ነው?" አለ። እንደገና ሳቁ።

"ሳጥን አያስፈልግም። ክንድ ይበቃል። ቅቤ አይጎዳም የሚል ሰው ነገ ጠዋት እህል ሳይቀምስ ይምጣና ክንዱን ይስጠኝ። የማይመጣ ግን በአይጦቼ ምስክርነት አይብላ። እነሱ የመሰከሩት ለራሳቸው ነው።"

አባቴን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ።

"ኢንታላ ኮ" አለ አባቴ፣ በሁሉም ፊት በኦሮምኛ፣ "መርፌሽ ትልቅ ነው?"

"ትንሽ ነው፣ አባ ኮ።"

"እንግዲያ እኔ እመጣለሁ። ይህች ልጅ እኔን ለማስደሰት መዋሸት ትችል ነበር፤ እኔን ለማስፈራራትም መዋሸት ትችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ክፍሉ ሐኪሙ እስኪመለስ ድረስ ባለበት ይቆይ።" ከዚያ ወደ አማርኛ ዞሮ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ደገመለት፤ ዘገም እያለ፣ ቃል ሳይዘል።

ግንቦት 3

ጠዋት መጣ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለና እጅጌውን ሰበሰበ። በሕይወቱ መርፌ ተወግቶ አያውቅም። ፊቱን አላዞረም፤ ደሙ ሲወጣ እንደ ቡና ናሙና ዓይኑን ጥሎ ተመለከተው። "ጥቁር ነው" አለ። የሁሉም ሰው እንደዚያ ነው አልኩት።

አንድ ብልቃጥ ብቻውን ምንም አይናገርም። ከራሴም ቀዳሁ። እትዬ በዛብሽ ጥያቄ ሳላቀርብላት ክንዷን ዘረጋች፤ "የጾመ ደም ምን እንደሚመስል እዩት" አለች።

አሲዱን ጨመርኩና ጠበቅኩ። ሦስቱም አረንጓዴ ሆኑ። የእትዬ በዛብሽ ፈዛዛ ነው። የእኔ ከእሷ ትንሽ ይጠቁራል። የአባቴ ግን እየጠቆረ፣ እየጠቆረ ሄደ። መቆም ያለበት ቦታ ላይ አልቆመም። መሣሪያው ላይ ቁጥሩን አነበብኩ፤ ብልቃጡን አቅጥኜ ደገምኩት፣ መልሼም ደገምኩት። አባቴ እንደ አይጥ አይጥለውም። ውስጡ አለ።

እትዬ በዛብሽ ብልቃጡን አየች፣ እኔን አየች። "ሎሚዬ፣ መጥፎ ነው?" አለች። አዎ አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ አጠገቤ ተቀመጠች።

አሁን ወደ ቤት መሄዴ ነው። ብልቃጦቹን ይዣቸዋለሁ፤ አባቴ ያላየውን አያምንም፣ ስለዚህ ያያል። ማሰሮውን ዛሬ ከጓዳ አወጣዋለሁ። ጩምቦም ቢሆን፣ ሠርግም ቢሆን፣ እንግዳም ቢመጣ ከእጁ ላይ እነጥቀዋለሁ። ይቆጣል። የሞረዳን ጉርሻ የምትቆጥር ልጅ ከየት መጣች ብሎ ይጮኻል። አባቴ ሲቆጣ ድምፁ ጨለለቂ ሰፈር ድረስ ይሰማል። ይጩህ። ያን ጩኸት ፀጉሬ እስኪሸብት ድረስ መስማት እፈልጋለሁ።